እናቴ ያልጠራችው ስም

ወንድሜ ድርሰቱን የላከልኝ በቴሌግራም ነው። ከሥሩ፣ «እትዬ፣ ድምፀቱንና ቋንቋውን ብቻ እይልኝ። ስለ ሐሳቡ አስተያየት አልፈልግም» የምትል መልእክት አለች። ድፍረቱን እዩልኝ! ሆሳዕና ውስጥ በአንድ ኮሌጅ አማርኛ ሳስተምር ፀጉሬ ሸብቷል፤ ሐሳብ የሌለው ድምፀት ግን እስከ ዛሬ አላጋጠመኝም። ቢሆንም ታናሼ ነው፣ ከእሱ ሌላ ወንድምም እህትም የለኝም። ስልክ ላይ ማረም ስለማይሆንልኝ ኮሌጁ በር ላይ ካለችው ፎቶ ኮፒ ቤት አሳተምኩትና ቀይ እስክሪብቶዬን ይዤ ተቀመጥኩ።

ርዕሱ «የተቀማ ስም» ነው። ስለ ማንነቱ ነው የጻፈው፤ ሀዲያ ሆኖ፣ በሀዲያ ቤት ተወልዶ፣ የሰሜን ሰው ስም ይዞ ስለማደጉ። በወሩ መጨረሻ እዚሁ ሆሳዕና የሥነ ጽሑፍ ዝግጅት ስለነበረ መድረክ ላይ ቆሞ ሊያነበው አስቧል። እናታችንም ከፊት ወንበር ቁጭ ብላ እንድትሰማው ይፈልጋል። እሷ ደግሞ ልጄ ብዙ ሰው ፊት ሊናገር ነው ብላ ለጎረቤቱ ሁሉ አውርታ ጨርሳለች። ምን ሊናገር እንደሆነ ግን የነገራት የለም።

አጀማመሩ ጥሩ ነው፤ እውነቴን ነው፣ ወድጄለታለሁ። ዩኒቨርሲቲ የገባ ሰሞን፣ ዶርም ውስጥ አንድ የሰሜን ልጅ ስሙን ጠየቀው። ሲነግረው «የኛ ነህ!» ብሎ አቀፈው። ከዚያ አነጋገሩን ሰማና እጁን ቀስ አድርጎ አነሳ። «ስምህ የኛ ነው፤ አንተ ግን ከየት ነህ?» አለው። ወንድሜ ይህን ሲተርክ አይናደድም። ዐረፍተ ነገሩ ረጅም ነው፣ በራሱ ይስቃል፣ ያንን ልጅም ክፉ አያደርገውም። «የዶርሙ ልጆች ሲስቁ አብሬያቸው ሳቅኩ፤ ሳቁ ሲያልቅ ግን የት መቀመጥ እንዳለብኝ አላወቅኩም» ይላል። ከጎኑ «ጥሩ ድምፀት። ሀዘኑ ከቀልዱ ሥር ነው» ብዬ ጻፍኩለት።

ገጹን ገልብጬ እናታችን ጋ ስደርስ ነገሩ ሁሉ ተለወጠ። ዐረፍተ ነገሩ አጠረ፣ ቀልዱ ጠፋ። እስከዚያ ድረስ ስሙ «ተቀማ» ነበር፤ ማን እንደቀማው አይነግረንም። አሁን «ቀማችኝ» ሆነ። «እናቴ» ብሎ ጀምሮ ብዙም ሳይርቅ «ሴትየዋ» ብሏታል። ሴትየዋ! የወለደችህን! ቃሉን ሳሰምርበት እስክሪብቶው ወረቀቱን በሳው። አስተማሪነቴ ትዝ ሲለኝ ተረጋጋሁና ከዳር «እዚህ ጋ ድምፀቱ ተሰበረ፤ ለምን?» ብዬ ጻፍኩ። መልሱ እታች ነበር።

«እናቴ አንዲት ቀን እንኳ በስሜ ጠርታኝ አታውቅም። አባቴ ያወጣልኝን የሀዲያ ስም አፏ ላይ አላደረገችውም። አደግሁ፣ ስሜን መለስኩ፣ ሥራ ቦታ ሁሉም ይጠሩኛል። እሷ ግን ዛሬም በዚያ በሰው ስም ትጠራኛለች። ሀዲያነት ያሳፈራት እናት ልጇን በሰው ስም ሸፍና አሳደገችው።»

አንብቤ ስጨርስ ከአፌ የወጣው «ወይ አምላኬ፣ ይሄ ልጅ አያውቅም!» የሚል ነው። ቤቱ ውስጥ ብቻዬን ነበርኩ። እንደሚያውቅ ነበር የማስበው፤ እኔ የማውቀውን ነገር እሱ አያውቅም ብዬ እንዴት ልጠርጥር?

እኛ ሀዲያዎችም፣ ከምባታዎቹም፣ ባሊሻ የምንለው ነገር አለን። ያገባች ሴት የአማቶቿን ስም አትጠራም። ስሙን ብቻ አይደለም፤ በስሙ የመጀመሪያ ድምፅ የሚጀምር ቃል ሁሉ በአፏ አይዞርም። እህሉም ይሁን እቃው፣ የገበያው ቀንም ይሁን የሰው ስም፣ በሌላ ቃል ትለውጠዋለች። ከባድ ይመስላል፤ ለድሮ ሴቶች ግን እንደ መራመድ ቀላል ነበር። አሁን አሁን ወጣቶቹ ትተውታል፤ ቤተ ክርስቲያን የሚሄዱትማ የድሮ ነገር ነው ይላሉ። ወንድሜም ባሊሻ የሚባለውን ቃል ሰምቶታል፤ ጊምቢቹ አካባቢ ገጠር ያሉ አሮጊቶች ያደርጉት የነበረ ነገር እንደሆነ ያውቃል። ከተማ ያለችው፣ እሁድ እሁድ መዘምራን መካከል የምትቆመው እናቱ ታደርገዋለች ብሎ ግን በሕልሙም አላሰበ።

እኔ ያወቅኩት ልጅ ሆኜ በአባቴ እናት ቤት ስላደግኩ ነው። ወንድ አያታችን ከሞተ ቆይቶ ነበር፤ ቢሆንም እናቴ ልትጠይቀን ስትመጣ ቤቱ ውስጥ አሁንም ያለ ይመስል ነበር። ወሬ ጀምራ ድንገት ትቆማለች። አንድ ቃል አፏ ላይ ደርሶ ሲመለስ ከንፈሯ ላይ ይታየኛል። ከዚያ ዞር ብላ በሌላ መንገድ ትመጣለች። እኔ ያን ጊዜ ሽማግሌው ከጓዳው ግድግዳ ጀርባ ተቀምጦ የሚያዳምጥ ነበር የሚመስለኝ። ጓዳ ብቻዬን አልገባም ነበር። ዛሬም ሰው ንግግሩን በመሃል ሲያቋርጥብኝ ጀርባዬን ቀዝቀዝ ይለኛል።

አባታችን ወንጌል ሰባኪ ነበር፤ እንዲህ ያለውን ነገር አይወድም። ወንድሜ ሲወለድ በራሱ አባት፣ በአያታችን ስም ድምፅ የሚጀምር የሀዲያ ስም አወጣለት፤ ሽማግሌውን ማክበሩ ነው። እናቴን «በክርስቶስ ነፃ ወጥተሻል፤ ልጅሽን ጥሪው» አላት። «እሺ» አለች። እናቴ እሺ ካለች በኋላ ነገሩ አለቀ ማለት ነው፤ አታደርገውም። ጎረቤታችን የሰሜን ሰዎች ነበሩ፣ ባልየው አስተማሪ። ሚስትየው አራስ ልትጠይቅ ገንፎ ይዛ መጣችና «ማን አላችሁት?» ስትላት እናቴ መልስ አጣች። ሕፃኑን አቅፋ፣ ስሙን መጥራት አቅቷት፣ አለቀሰች። ሴትየዋ ነገሩ ሲገባት «ታዲያ ምን ያስለቅስሻል? የኔን ልጅ ስም ውሰጂ» አለቻት። የራሷ ልጅ ባለፈው ዓመት በኩፍኝ ሞቶባት ነበር። ወንድሜ የሰው ስም የሚለው ይህንን ነው።

ትምህርት ቤት ሲገባ አባታችን ለስብከት ሀቢቾ ሄዶ ነበር። ያስመዘገበችው እናቴ ናት። ስሙን ሲጠይቋት አፏ ላይ ያለውን ሰጠቻቸው። በሀዲያ ስሙ የሚጠራው አባታችን ብቻ ሆነ፤ እሱ ሲሞት ስሙም አብሮት የተቀበረ መሰለ። እኛም ሁላችን በእናቴ አፍ መጥራት ለመድን። ስሙን እዚህ አልጽፈውም። እሷ በሕይወቷ ሙሉ የሸሸችውን ቃል እኔ ለማንም አንባቢ አልበትነውም።

ወንድሜ ዱራሜ ነው የሚሠራው። ደወልኩለት።

«ድምፀቱ እንዴት ነው?» አለኝ፣ ገና ሄሎ ሳልለው።

«ድምፀቱን ተወውና አንተ ልጅ፣ የአያትህ ስም ማን ነው?»

ነገረኝ።

«ያንተስ?»

ነገረኝ። ሁለቱ በአንድ ድምፅ እንደሚጀምሩ አፉ ላይ ሳሉ ሰማው። ብዙ ማስረዳት አላስፈለገም፤ ሀዲያ ነው እኮ። ጥግ ላይ ባጃጅ ሲያልፍ በስልኩ ይሰማኛል። የጎረቤታችንን ነገር ሁሉ ነገርኩት። በመጨረሻ «ለምን ማንም አልነገረኝም?» አለኝ፤ እንደ ሕፃን ነበር የሚናገረው። «ማን ይንገርህ? እሷ ልትነግርህ ብትፈልግ ስሙን ማንሳት ሊኖርባት ነው» አልኩት። «ሴትየዋ» ስላላት ልቆጣው ነበር፤ ድምፁን ስሰማ ተውኩት።

ቅዳሜ ዕለት ወንድሜ መጣ። በዝግጅቱ ላይ እንደማያነብ ነገረኝ። «መጨረሻውን ልቀይረው ነው» አለ፤ «እሷ ስትጠራኝ እጽፈዋለሁ።» ይህን ሲል ቀልድ መስሎኝ ነበር። ቀልድ አልነበረም። ልጅየው ስሙን ከእሷ አፍ መስማት አለብኝ ብሎ ቆርጧል። ሚስቱ፣ ልጆቹ፣ አለቃው፣ ሁሉም ይጠሩታል፤ እሷ ካልጠራችው ግን ስሙ ስም አልሆነለትም።

እናቴ የቡላና የቅቤ ምግባችንን፣ አተካናን፣ ሠርታ ጠበቀችው። ቅቤው ላዩ ላይ ይንጣለላል፤ ልጇ መጥቷል እኮ። በላና ይቅርታ ጠየቃት፤ ለምን ይቅርታ እንደሚጠይቃት ስላልገባት ሳቀችበት። ከዚያ አጠገቧ ዝቅ ብሎ ተቀመጠ፤ እጇን ያዘ።

«እማዬ፣ አሁን ነገሩ ገብቶኛል። አንድ ጊዜ ብቻ ጥሪኝ። ቀስ ብለሽ። ማንም አይሰማሽም።»

እናቴ ነጠላዋን ወደ አፏ አስጠጋች። እንደ ሙሽራ አፈረች፤ በሰባዎቹ ዕድሜ ላይ ያለች ሴት ጉንጯ ሲቀላ አየሁ።

«ተው ልጄ» አለችው በሀዲይኛ። «ይሰማል።»

«ማን?»

ወደ ጓዳ ተመለከተች። እኔም ተመለከትኩ፤ በሞቴ፣ ሳልፈልግ ነው አንገቴ የዞረው። ጓዳ ውስጥ ቆጮ የታሰረበት ቅጠልና የውሃ ጀሪካን ብቻ ነው ያለው።

«ሰውዬው እኮ እኔ ሳልወለድ ነው የሞተው» አላት ወንድሜ።

«አውቃለሁ። እኔ ነኝ የቀበርኩት» አለችው። ከዚያ እኔ ሰምቼው የማላውቀውን ነገር ተናገረች። እኔ ስወለድ፣ የበኩር ልጅ ሴት ሆነች ብሎ ዘመድ ሁሉ አኩርፎ ነበር አሉ። አንዳንዱ ደጃፍ ደርሶ ሳይገባ ተመለሰ። ሽማግሌው ሰማና ለወንድ ልጅ የሚታረደውን በግ አረደ፤ ራሱ ይዞላት ገባና «ይህቺ የኔ ናት» አለ። እናቴ ያን ጊዜ ልጅ እግር ነበረች፤ ቀና ብላ ልታየው አትችልም፣ አመሰግናለሁ ልትለውም አትችልም። «የምሰጠው ነገር አልነበረኝም» አለችን። «ስሙን ሰጠሁት። በአፌ ላይዞር ተውኩለት። አሁን መልሼ ልውሰድበት?»

ወንድሜ ዓይኑን ጠራረገና «እሺ፣ ተይው» አላት፣ በዚያ በልጅነት ስሙ ጠርታ ሻይ ስትሰጠው ተቀበላት። ሲሄድ ግን በር ላይ ይዞኝ «እንዲያው አንድ ቀን ታደርገው ይሆን?» አለኝ። «አይመስለኝም» አልኩት። ልዋሸው ምን አቃተኝ? ግን መዋሸት አልሆነልኝም።

ከዚያ በኋላ በየሳምንቱ ይመጣ ነበር። ደግሞ አልጠየቃትም፤ ግን ስትጠራው አፏን ነበር የሚያየው። እሷም ታውቀዋለች። አንዳንዴ «ና እንጂ፣ አንተ...» ትልና ትቆማለች፤ የምታመጣው ይመስለኛል። ከዚያ ያንኑ የለመድነውን ስም ትለዋለች። እሱም «አቤት» ይላታል። ያ አቤት አንጀቴን ይበላው ነበር።

ክረምቱ ሲገባ እናቴ ጓሮ እንሰት መሃል ወደቀች። ደም ጭንቅላቷ ውስጥ ፈሷል አሉን ሆስፒታል። ጥቂት ቀን አስተኟት፤ ከዚያ ሐኪሙ ወደ ጎን ጠርቶኝ ቤቷ ብትሆን ይሻላል አለኝ፤ ምን ማለቱ እንደሆነ ገባኝ። በቀኝ በኩል አትንቀሳቀስም። ቃል ጠፍቶባታል። ውሃ ስትፈልግ የሌላ ነገር ስም ትጠራለች፣ እኔን በእህቷ ስም ትለኛለች፣ አንዳንዴ ደግሞ ከንፈሯ ብቻ ይንቀሳቀሳል። ወንድሜ ፈቃድ ሞልቶ ሊመጣ ነገሮቹን እየጨረሰ ነበር። በዚያን ዕለት ከሰዓት ደውሎ «አንጋጫን አልፌያለሁ፤ መንገዱ ጭቃ ነው» አለኝ።

ስልኩን ዘግቼ ትራሷን ሳስተካክል አፏን ከፈተች። ጥርት ባለ ድምፅ የአማቷን ስም ጠራች።

ያንን ስም ከእሷ አፍ ሰምቼ አላውቅም፤ ማንም ሰምቶ አያውቅም። እጄ ትራሱ ላይ እንዳለ ቀረ። ደግማ ጠራችው። ከዚያ በዚያ ድምፅ የሚጀምሩት ቃላት መምጣት ጀመሩ፤ የእህሉ፣ የእቃው፣ የገበያው ቀን፤ ስትሸሻቸው የኖረችው ሁሉ፣ አንዱ ሌላውን እያስከተለ። ዓይኗ ክፍት ነው፤ ወደ እኔ ግን አያይም። ፊቷ ላይ ፍርሃት የለም። እፍረትም የለም። እኔ ግን ፈራሁ፤ እውነቱን ልናገር፣ እናቴን ፈራኋት። ቤቱ ውስጥ ሌላ ሰው ያለ መሰለኝና ዞሬ ወደ ጓዳው ልይ አልይ እያልኩ ሳመነታ፣ የወንድሜን ስም ጠራች።

አንድ ጊዜ ነው። ሙሉውን።

ስልኬን አነሳሁና ደወልኩ። ኔትወርክ የለም። ደግሜ ደወልኩ፤ ያቺ የቀረጻ ሴትዮ አሁን ማግኘት አይቻልም ትለኛለች። ያንን ሁሉ ኮረብታ ተራገምኩት። እየጮህኩ «እማዬ፣ ቆይ፣ ቆይ፣ እየመጣ ነው፣ አንጋጫን አልፏል!» አልኳት። ልቀዳው ብዬ መቅጃውን ከፈትኩ፤ ስልኩን ከአፏ አጠገብ አድርጌ ብጠብቅ ብጠብቅ ትንፋሽ ብቻ ነው። እናቴ ከዚያ በኋላ አልተናገረችም።

ወንድሜ ሲገባ ጫማው እስከ ቁርጭምጭሚቱ ጭቃ ነበር። አጠገቧ ተቀመጠ፤ እጁን ሰጣት። የምትሰማ ይመስለኛል፤ ጣቷ ተንቀሳቅሷል። በማግስቱ ረፋድ ላይ አረፈች።

እስክትቀበር ምንም አልነገርኩትም። ለቅሶው ሞልቷል፤ ከዱራሜም፣ ከዳምቦያም ሰው መጥቶ ነበር፤ የዚያች ጎረቤታችን ልጆች ሳይቀሩ መጡ። ሰው ሲሳሳ፣ ድንኳኑ ሥር ሁለታችን ብቻ ስንቀር ነገርኩት። ደስ ይለዋል ብዬ ነበር። ደስ ብሎታልም፤ ፊቱ በራ፣ እጄን ጨበጠኝ።

«ጠራችኝ?»

«ጠራችህ።»

«እንዴት ብላ?» አለኝ።

«እንዴት ብላ ማለት?»

«እንዴት ነው የጠራችኝ? ስትጠራኝ ነው ወይስ እንዲያው ከአፏ ሲወድቅ? ድምፀቱ እንዴት ነበር?»

ከሌሎቹ ቃላት ጋር ተሰልፎ እንደመጣ ልነግረው አልቻልኩም። ብቻውን መጥቷል ብዬም መማል አልቻልኩም። ከስሙ በፊት ትንሽ ዝም ያለች ይመስለኛል፤ ግን እሱን ያሰብኩት በኋላ ይሁን በጊዜው አላውቅም። ስትጠራው ዓይኗ ወዴት ነበር? እኔ ወደ ጓዳው ልዞር እያመነታሁ ነበር፤ አላየኋትም።

«እንዳለችው በይልኝ» አለኝ። «እሷ ባለችው ድምፅ።»

ስሙን ጠራሁት። ዓይኑን ጨፍኖ ሰማኝ። «ደግሞ» አለኝ። ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ እሷ ቃል ስትስብ እንደምታደርገው ሳብ አድርጌ ደገምኩለት።

ወንድሜ ዓይኑን ሳይገልጥ ራሱን ነቀነቀ። «አይደለም፣ እትዬ» አለኝ። «እሱ ያንቺ ነው።»